ዓርብ ማታ ክፍልሽ ውስጥ አትቀመጪ

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ስትደውዪ «ጋሼ፣ ኑሮዬ ከክፍል ወደ ክፍል ነው፤ ከመማሪያ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል» አልሽኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ድሬዳዋ ግቢያችን ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ብዙ ቆየሁ። አንቺ ባለሽበት በዚያው በፈረንሳይዋ ቱር ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ 22 ዓመት ኖሬአለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የብርድ ወራት ያሳለፍኩት እንዳንቺው ነው፤ ከምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ወደ አልጋዬ፣ ከአልጋዬ ወደ ማጠቢያው። ከዚያ ያወጣኝ ሐኪምም ቄስም አይደለም፤ የመረብ ኳስ ነው። እንዴት እንደሆነ ቁጥር እየሰጠሁ ልጻፍልሽ፤ አንዳንዱ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

1. ሌላ ነገር ትተሽ መረብ ኳስ ለማየት ሂጂ የምልሽ በምክንያት ነው። እግር ኳሱን የትም ብትሆኚ በስልክሽ ታዪዋለሽ። ቱር ግን የመረብ ኳስ ከተማ ናት። ቱር ቮሌ ቦል፣ ነዋሪው በአጭሩ ቴ ቬ ቤ የሚለው ክለብ፣ የፈረንሳይን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ተሰሎንቄ ድረስ ሄዶ ባለሜዳውን ኢራክሊስን በፍጻሜው 3 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። በሎዋርና በሼር ወንዞች መካከል ያለች፣ ከእኛዋ ድሬ እንኳ የምታንስ ከተማ አውሮፓን አሸነፈች። ዜናውን የሰማሁት በሬዲዮ ነው፤ ማጠቢያው ውስጥ የነበሩት ሴቶች አንሶላውን ጥለው ሲጨፍሩ ዛሬም ይታየኛል።

የሚጫወቱበት አዳራሽ ሮቤር ግረኖን ይባላል፤ በስፖርት ቤተ መንግሥቱ፣ እነሱ ፓሌ ዴ ስፖር በሚሉት ሕንፃ ውስጥ ነው። ጠባብ ነው፣ መልካምነቱም እሱ ነው። መጀመሪያ የገባሁት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሚስቱ ታማበት ትርፍ የሆነችውን ትኬት ስለሰጠኝ ነው። እኔ የማውቀው መረብ ኳስ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በሁለት ዛፎች መካከል የታሰረ ገመድ፣ በኖራ የተሰመረ መስመር፣ ኳሱ ሲያርፍ የሚነሣ አቧራ ነበር። እዚያ ስገባ ጫማው ወለሉ ላይ ሲፏጭ፣ ኳሱ ክንድ ላይ ሲያርፍ ደረቅ ጥፊ ሲመስል ሰማሁ። ድምፁ ግን ያው ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ከዚራ ገባሁ።

2. ቀንና ሰዓት ላይ ተጠንቀቂ። ፈረንሳዮች ቀኑን ያስቀድማሉ፤ 05/12 ብለው ከጻፉ ዲሴምበር 5 ማለት ነው። ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ማታ ነው፤ ትኬቱ ላይ 20 ሰዓት ይላል፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። ከአበሻ ጋር ከተቀጣጠርሽ ደግሞ «በ8 ሰዓት» ብለሽ እንዳትተዪው። አዲስ የመጣ አንድ ልጅ ጋብዤ እንዲሁ ብዬው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት መስሎት፣ በኅዳር ብርድ በተዘጋ በር ላይ ስድስት ሰዓት ቆመ። ስደርስ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘሁት። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ያን ቀን ጨዋታውን በወጉ አላየሁም።

3. የተማሪ መታወቂያሽን ያዢ፤ ለተማሪ ቅናሽ ስላለ ትኬት መሸጫው፣ ጊሼው ላይ ስትደርሺ መጀመሪያ እሷን አሳዪ። ትኬትሽ ላይ «ፕላስማን ሊብር» ካለ ቦታው አልተቆጠረም፣ የቀደመ ይቀመጣል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ግቢና ከሜዳው ጎን ሳይሆን ከጫፉ፣ ከሰርቪስ መምቻው መስመር በስተጀርባ ከፍ ብለሽ ተቀመጪ። ብዙ ሰው ጎኑን ይመርጣል፤ እኔ አልስማማም። ከጎን ሆነሽ የምታዪው ኳሱ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ነው። ከኋላ ሆነሽ ግን የምታዪው ሰዎቹን ነው፤ ማን ወዴት እንደሮጠ፣ የቱ ጥግ እንደተከፈተ፣ አቀባዩ ለማን ሊሰጥ እንዳሰበ ይታይሻል። በር ላይ ቦርሳሽን ክፈቺ ይሉሻል፤ ሁሉንም ነው የሚሉት፣ ቅር አይበልሽ። የመስታወት ጠርሙስ አትያዢ።

4. «ቦንሷር» ሳትዪ ምንም አትጠይቂ። ይህን ከሁሉ አስበልጠሽ ያዢልኝ። እኛ ሰላምታ ስናበዛ ጤና፣ ቤተሰብ፣ ከብት፣ ዝናብ ሁሉ እንጠያየቃለን። የእነሱ አንዲት ቃል ናት፤ ግን ያቺን ቃል የዘለለ ሰው በእነሱ ዘንድ በር ሳያንኳኳ ጓዳ እንደገባ ይቆጠራል። ስንቱ የአገራችን ልጅ ነው ዓይን አፋርነቱን እንደ ንቀት የቆጠሩበት! ጊሼው ላይ ያለችዋን፣ ቦርሳ የሚፈትሸውን፣ አጠገብሽ የሚቀመጠውን ቦንሷር በዪ። በሰው ፊት ስታልፊ «ፓርዶን» በዪ። ቃሉ አጭር ስለሆነ ልባቸው ጠባብ እንዳይመስልሽ።

በመጀመሪያው ቀን «ቩ» እያልሽ አክብሪ፤ እነሱ ራሳቸው «ቱ» እንባባል ሲሉሽ ተቀበዪ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ «አንተ በዪኝ» ሲልሽ አፍሽ እንደማይታዘዝልሽ አውቃለሁ፤ የእኔም እምቢ ብሎኝ ነበር። እሱ ግን ክብሩን እየጣለ አይደለም፤ ወንበር እየሳበልሽ ነው።

5. ዓርብ ጾም ነው። እረፍት ላይ ሰው ሁሉ ወደ መክሰስ መሸጫው፣ ወደ ቡቬቱ ይሄዳል፤ የሚሸጠው በዳቦ የገባ ዣምቦን፣ ቋሊማ፣ ክሬፕ፣ ፍሪት ነው። ዣምቦን የአሳማ ሥጋ ነው። ክሬፑ ወተትና እንቁላል አለበት። ፍሪቱ ድንች ብቻ ይመስላል፤ በየቦታው ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ወደ ሰሜን ፈረንሳይና ወደ ቤልጅግ ስትሄጂ በከብት ጮማ የሚጠብሱ አሉ፣ ስለዚህ በምን እንደተጠበሰ ጠይቂ። ጥያቄው አያሳፍርም፤ አብረውሽ ከሚቀመጡት ሙስሊሞችም ብዙዎቹ ያንኑ ይጠይቃሉ። ሻይ ግዢና ሂጂ። ቡና አለ፣ ቡናውን ግን ከቤትሽ ጠጥተሽ ውጪ።

6. ጨዋታውን ማንበብ ተማሪ። ሕጉን ቶሎ ትይዥዋለሽ፤ አንድ ዙር 25 ነጥብ ነው፣ በሁለት ልዩነት ካልሆነ አያልቅም፣ ሦስት ዙር የቀደመ ያሸንፋል፣ ሁለት ለሁለት ከሆኑ አምስተኛው ዙር እስከ 15 ነው። አንድ ቡድን ኳሱን ቢበዛ ሦስቴ ነክቶ መመለስ አለበት፤ አንድ ሰው ደግሞ በተከታታይ ሁለቴ አይነካም። ይዞ መቆየት የሚባል ነገር የለም። ሌላው ኳስ ሁሉ የጎበዝን ሰው ስግብግብነት ይታገሣል፤ ይሄኛው አይታገሥም። ምን ቢችሉ ለሌላ መስጠት ግድ ነው።

አሁን ከኋላ ተቀምጠሽ ሦስት ነገር ፈልጊ። መጀመሪያ፣ ማሊያው ከሌሎቹ የተለየውን ሰው ፈልጊ። ሊቤሮ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉም አጭሩ እሱ ነው። ሰርቪስ አይመታም፣ ከመረቡ በላይ ወጥቶ አያጠቃም፣ ለመከለል አይዘልም። ሥራው የወደቀውን ማንሣት ብቻ ነው፤ በጉልበቱ፣ በደረቱ፣ በአንድ እጁ መዳፍ ከወለሉ ላይ ይዝቀዋል። ነጥብ ሲቆጠር ስሙ አይጠራም። ከሬን የወጣው ዤኒያ ግረቤኒኮቭ ለፈረንሳይ ሲጫወት ካየሽ፣ ስሙ ሳይጠራ ጨዋታ የሚያሸንፍ ሰው ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ።

ቀጥሎ አቀባዩን እዪ፤ እነሱ ፓሰር ይሉታል። ሰርቪስ ከመመታቱ በፊት ጣቶቹን ከተጋጣሚው ደብቆ ለጓደኞቹ ያሳያል፤ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ጭብጥ። ማን ከየት እንደሚዘል ተነጋግረው መጨረሳቸው ነው። ከዚያ ኳሱ እጁ ላይ ሲደርስ ግማሽ ሴኮንድ አይቆይም፣ ግን በዚያች ቅጽበት ተጋጣሚውን ወደ ግራ አስዘልሎ ለቀኙ ይሰጣል። አንድ ቀን ይህን ራስሽ ስታዪ «አየሁት!» ብለሽ ትነሺያለሽ። ከዚያ በኋላ ኳሱን ብቻ ማየት አይሆንልሽም።

ሦስተኛ፣ በጥግ የቆሙትን የመስመር ዳኞች ባንዲራ እዪ። ወደ ታች ከሆነ ኳሱ ውስጥ ነው፣ ወደ ላይ ከሆነ ውጭ ነው፣ መዳፉን ባንዲራው ጫፍ ላይ ከጫነ የተከላካይ እጅ ነክቶት ወጥቷል ማለት ነው። ሕዝቡ ከመጮሁ በፊት አንቺ ባንዲራውን አይተሽ ታውቂያለሽ፤ አጠገብሽ ያለው ሰው ያንቺን ፊት አይቶ መጠየቅ ይጀምራል። እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር ማውራት የጀመርኩት እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። 3 ለ 2 የተሸነፈ ቡድን በደረጃው ሰንጠረዥ አንድ ነጥብ ይዞ ይሄዳል፤ አሸናፊው ሦስት መሆኑ ቀርቶ ሁለት ያገኛል። ስለዚህ ቡድንሽ በተጋጣሚው ሁለት ለባዶ ሲመራ ካፖርት ለብሰው የሚወጡትን አትከተዪ። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ፈረንሳይ በሩብ ፍጻሜው በጀርመን 2 ለ 0 ስትመራ ነበር፤ ተነሥታ 3 ለ 2 አሸነፈች፣ ከዚያ ጣልያንን፣ በፍጻሜው ፖላንድን 3 ለ 0 አሸንፋ ወርቁን ወሰደች። ከቶክዮ ቀጥሎ ሁለተኛዋ መሆኑ ነው። በድሬ ከተማ በአንድ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን አይቼ ብቻዬን ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

7. አሁን ዋናው ላይ ደረስኩ። ነጥብ ባለቀ ቁጥር ተጫዋቾቹን እዪ። ያገኙም ያጡም እንደሆነ፣ ስድስቱም መሀል ሜዳ ላይ ተሰብስበው እጅ ለእጅ ይነካካሉ። በተለይ አንዱ ሰርቪሱን መረብ ላይ ሲመታ፣ ወይም የቀለለውን ኳስ ውጭ ሲልከው እዪ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቆም ይፈልጋል፤ አይተዉትም። አምስቱም ይመጣሉ። አንዱ እጁን፣ አንዱ ትከሻውን፣ አንዱ ማጅራቱን ይነካዋል። ማንም አይመክረውም፣ ማንም «ለምን» አይለውም። ሦስት ሴኮንድ ነው። ከዚያ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ፣ የሚቀጥለው ኳስ ይመጣል።

በአንድ ጨዋታ ይህን ከመቶ ጊዜ በላይ ታዪዋለሽ። እኔ በወር ሁለቴ እያየሁ 20 ዓመት ያህል ኖርኩ። ክፍል ፊት ቆመሽ ኤክስፖዜ ስታቀርቢ ቃል ጠፍቶብሽ ልጆቹ እንደሣቁ የነገርሽኝ ጊዜ ያሰብኩት ይህንን ነው። አንቺ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ቆመሻል፤ የሚነካሽ ሰው አጠገብሽ የለም። እናትሽ በስልክ ልትነካሽ አትችልም፣ እኔም አልችልም። ስለዚህ ነው ሰው ወዳለበት ሂጂ የምልሽ።

8. እዚያ አታፏጪ። አገር ቤት ስታዲየም ውስጥ ፉጨት ድጋፍ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ፉጨት ተቃውሞ ነው። የገዛ ቡድንሽን ተጫዋች አፏጭተሽ ብታበረታቺ ሰደብሽው ብለው ዞረው ያዩሻል። አጨብጭቢ፣ «አሌ!» በዪ። ሰው ሲሳሳት «ዶማዥ» ይላሉ፣ ጥሩ ሲሠራ «ቢየን ዡዌ»። ውጤቱ ሲጠራ ስሚና ቁጥሩን ድገሚው፤ እስከ 25 ያለውን የፈረንሳይኛ ቁጥር ሳታስቢ ማለት የምትለምጂው እዚያ ነው። አሊያንስ የተማርሽው ፈረንሳይኛ የመጽሐፍ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው የሰው ነው።

እልልታን ግን አልከለክልሽም። ባለቤቴ ከድሬ በመጣች በመጀመሪያው ዓመት ይዣት ሄድኩ። አምስተኛው ዙር፣ 14 ለ 13፣ ቱር ነጥቡን ሲያገኝ ሳታስበው እልል አለች። አካባቢው ዝም አለ፣ እኔም ምድር ትዋጠኝ አልኩ። ከዚያ ከላይ ረድፍ የተቀመጡ አንዲት የአልጄሪያ እናት በእልልታ መለሱላት። እነሱ «ዩዩ» ይሉታል፣ ፈረንሳዮቹም ያውቁታል። ከዚያ ማታ ጀምሮ ቡድኑ ሲያሸንፍ ሰው ወደ እኛ ረድፍ ዞሮ ይጠብቅ ነበር።

ተጫዋቾች ሲተዋወቁ ደግሞ አስተዋዋቂው ስሙን ይጠራል፣ ሕዝቡ የቤተሰቡን ስም ይመልሳል። ለእኛ ለአበሾች ይህ ነገር ልብ ይነካል፤ ልጁን አንዱ ይጠራል፣ አባቱን አገር ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2011 እዚያ ሜዳ ላይ ገና ለጋ የነበረው ኤርቪን ንጋፔት ሲጠራ «ንጋፔት!» ብዬ እጮህ ነበር። አባቱ ኤሪክ ከካሜሩን የመጣ፣ ራሱም ትልቅ የመረብ ኳስ ሰው ነው። የስደተኛን ስም አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲጮኸው ስሰማ የራሴም አባት የተጠራ ይመስለኝ ነበር። ያ ልጅ በኋላ በቶክዮም በፓሪስም የኦሊምፒኩ ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

9. አንዴ ሄደሽ አትተዪ፤ ተመላለሺ፣ ቦታሽንም አትቀያይሪ። ፈረንሳዮች በአንድ ቀን አይወዳጁም። በመጀመሪያው ዓመት አጠገቤ የሚቀመጡት ባልና ሚስት፣ ጡረታ የወጡ የፖስታ ሠራተኛና የቀድሞ አስተማሪ፣ ቦንሷር ብቻ ይሉኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሴትየዋ ከፔርሙሷ ሻይ ቀዳችልኝ። በሦስተኛው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ሦስት ዓመት! እኛ አገር አውቶቡስ ውስጥ በሦስት ደቂቃ የምንጠይቀውን። ድሬዳዋ ብዬ፣ ከተማችንን የቆረቆራት እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነሥቶ የደረሰው የፈረንሳዮች ባቡር መሆኑን፣ አባቴም የምድር ባቡር ሠራተኛ እንደነበሩ፣ እኛ ጣቢያውን እስከ ዛሬ በእነሱው ቃል ለገሃር እንደምንለው ነገርኳቸው። ሰውየው «ላ ጋር! ላ ጋር!» እያለ ለሚስቱ ደጋገመላት። ቃላቸውን አንድ መቶ ዓመት ጠብቀን የመለስንላቸው መሰለው።

እናቴ፣ አያትሽ ማለት ነው፣ ያረፈች ጊዜ መርዶው ሐሙስ ማታ በስልክ ደረሰኝ። ለቀብር የምደርስበት መንገድ አልነበረም። ዓርብ ጨዋታ ነበር፤ አልሄድኩም፣ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠግቼ ሻማ አብርቼ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ጠዋት በር ተንኳኳ። ባልና ሚስቱ ናቸው። በ11 ዓመት ውስጥ ቦታህ ባዶ ሆኖ አይተነው ስለማናውቅ አሳሰበን አሉ። ነገርኳቸው። በእነሱ አገር እንደ እኛ ለቅሶ ቤት አይቀመጡም፤ ምን እንደሚደረግም አያውቁም። ሴትየዋ ወጥታ ሄደችና ከሰዓት በኋላ የአትክልት ሾርባ በድስት ይዛ ተመለሰች። ባልዋ ሶፋው ላይ ተቀምጦ እስኪመሽ ምንም ሳይናገር ቆየ። ልጄ፣ ለቅሶ ተቀመጠልኝ።

10. ከተለመድሽ በኋላ ተመልካች ብቻ ሆነሽ አትቅሪ። እዚያ አገር ክለብ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከመሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1901 በወጣው ሕግ የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ ክሬፕ የምትጋግረዋ፣ ትኬት የሚቆርጠው፣ ወንበር የሚሰበስበው ብዙዎቹ ደመወዝ የሌላቸው ቤኔቮሎች ናቸው። «ላግዛችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። እምቢ አይሉሽም። እኔ ስድስት ዓመት ወለል ጠርጌአለሁ፤ ሲቪዬ ላይ የጻፍኩት ከሥራዬ ቀጥሎ ያንን ነው፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ሰነድ ሳስገባም የክለቡን ደብዳቤ አያይዤ ነበር። መጫወት ካማረሽ ደግሞ በየሰፈሩ ጂምናዝ ውስጥ ለመዝናናት የሚጫወቱ፣ ወንድና ሴት የተቀላቀሉባቸው «ሎዚር» የሚሏቸው ቡድኖች አሉ። ትምህርት ቤት ቮሊ ስትጫወቺ አይቼሻለሁ፤ ሰርቪስሽ መጥፎ አልነበረም።

11. ክፉ የሚናገርሽ ሰው ሊያጋጥምሽ ይችላል። በእኔ ዕድሜ ሁለቴ ደርሶብኛል። አትመልሺለት፤ ተነሥተሽ ጃኬት ለለበሱት አስተናጋጆች ንገሪ፣ አጠገብሽ ያሉትንም ምስክር አድርጊ። ቦታሽን ግን አትልቀቂ።

12. የመመለሻሽን ነገር ከመውጣትሽ በፊት ጨርሺ። አንድ ጨዋታ በአንድ ሰዓት ተኩል ሊያልቅ ይችላል፤ አምስት ዙር ከሄደ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። የመጨረሻው ትራም ስንት ሰዓት እንደሆነ እዪ። አዳራሹ ስለሚሞቅ የላይኛውን አውልቂ፣ ስትወጪ ግን አንገትሽን ጠቅልዪ፤ ከሎዋር የሚነሣው ጉም በላብ ላይ መጥፎ ነው። የአክስትሽ ልጅ ከፓሪስ ልታይሽ ከመጣች ባቡሩ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ቱር መሀል ሳይሆን ሴን ፒየር ዴ ኮር ነው፤ ከዚያ ወደ ከተማዋ ለገሃር የምታደርስ አጭር ባቡር አለች፣ አምስት ደቂቃ ናት። ይህን ሳትነግሪያት ብትቀሪ ማታ ላይ ትጠፋብሻለች።

ከዚህ በላይ አላስረዝምብሽ። የፊታችን ዓርብ ቡድኑ በሜዳው የሚጫወት ከሆነ መጽሐፍሽን ዝጊና ሂጂ፤ ፈተናውም ከሁለት ሰዓት በኋላ እዚያው ይጠብቅሻል። እኔ የምቀመጠው በመግቢያው በግራ በኩል፣ ከሰርቪስ መስመሩ በስተጀርባ፣ ሰባተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ነበር። ባልና ሚስቱ በሕይወት ካሉ ከዚያው አጠገብ ታገኚያቸዋለሽ። ቦንሷር በያቸው፣ ከድሬዳዋ ነኝ በያቸው። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ተቀመጪበት።

አጎትሽ፣ ከድሬዳዋ